ጉንፋን ያልነው በሽታ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 2021። ጠዋት 4 ሰዓት

ሙቀት፣ ደም ግፊት፣ ክብደት። ከዚያ መርፌ። ደረቷ ላይ፣ ቆዳዋ ሥር የቀበሩላት ፖርት አለ፤ መድኃኒቱ የሚገባው በዚያ ነው። ሁለት ነርሶች እጇን ያዙ፣ እኔ እግሯን። ልጄ ሐናን ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሦስታችንም አልቻልናትም። አያምም ብያት ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

አባቷ ከማል ሥራ ላይ ነው፣ ካናል ዊንቸስተር ከተማ ያለው ዌርሃውስ። ብሬክ ላይ ኮል አደረገ። ገባ ወይ? ገባ። ዘጋ።

ለሷ ጉንፋን ነው ብለናታል። ሉኪሚያ የሚለውን ቃል እሷ ፊት አንጠራም። ዶ/ሮቹም እንዳይጠሩ ከማል ለምኗቸዋል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 5

ጋውን ያልለበሰች ሴት ገባች። ሜጋን ትባላለች። ሥራዋ የታመሙ ልጆችን እያጫወቱ ለሕክምና ማዘጋጀት ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊት የሌላት የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ማርከር፣ መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅ አወጣች። ሐናን ለአሻንጉሊቷ ዓይን ሣለችላት። አፍ አልሣለችላትም።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ አልዋሽም፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል? ብያለሁ በሆዴ።

ስትወጣ ኮሪደር ላይ፣ ሐናን ስለ በሽታዋ ምን እንደምታውቅ ጠየቀችኝ። ጉንፋን አልኳት። አልተከራከረችኝም። ልጆች ያልተነገራቸውን ራሳቸው ይሞሉታል አለችኝ፣ ሄደች።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 7። ከሰዓት

ሐናን አሻንጉሊቷን ስትወጋት ዋለች። በአልኮል መጥረግ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መውጋት። ከዚያ ጣቷን ቀስራ ተቆጣቻት። በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ መጨረሻውን በአማርኛ፣ በኔ ድምፅ፦

«ማስክሽን አወለቅሽ አይደል? ትታመሚያለሽ አላልኩሽም?»

በየጠዋቱ ስኩል ባስ ላይ ሳሳፍራት የምላት ነው። ቃል በቃል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሜጋን፣ ሐናን ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ባኞ ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። እጄ ንጹሕ ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 8

ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠራ ውሻ አለ። ልጆቹ መርፌ ሲወጉ አጠገባቸው ይተኛል። ሜጋን ሰኞ ላምጣው ወይ አለችኝ። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት፤ ውሻ ግቢ እንጂ ቤት አይገባም። ምራቁ የነካው ይታጠባል። ሶላት የምሰግደው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።

ጋሼ ሰይድ ጋ ደወልኩ፤ ሶላት የሚያሰግዱን ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ጠየቁ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፦ «ለሕክምናዋ ከሆነ ይግባ። የነካውን ታጥቢያለሽ። ውሃ አላችሁ አይደል?»

አለን አልኩ። መስገጃዬን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 11

ውሻው መጣ። ቢጫ፣ ትልቅ። አንገቱ ላይ እንደ ነርሶቹ ፎቶ ያለው ባጅ። ሜጋን አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘረጋች። ወጥቶ ተኛ፤ አገጩን ከሐናን ጉልበት አጠገብ አደረገ። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ።

ሐናን እጇን ዘረጋች። ልትነካው ስትል መለሰችው። ብብቷ ሥር ከተተችው።

ሜጋን ትፈሪዋለሽ? አለቻት።

«ኖ» አለች ሐናን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ «ማሚ፣ ማስክ የለውም። አሳምመዋለሁ።»

እኔ ለራሴ ስፈራው፣ እሷ ለሱ ፈርታለች።

ሜጋን አየችኝ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን አትናገሪ ያልናት እኛ ነን። ሁሉም እኔን ጠበቁ፣ ውሻው ሳይቀር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ወሰዱት። ሐናን ሳትነካው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 12። ከማል ብሬክ ላይ

እንነግራታለን አልኩት። ሕፃን ናት፣ ትፈራለች አለ። ፈርታለች እኮ አልኩት፤ ብቻዋን ነው የፈራችው። የውሻውን ነገር ነገርኩት። ከኋላው የፎርክሊፍት ጩኸት ይሰማል። ድምፁ ተቀይሯል፦

«እኔ አልችልም። አንቺ ንገሪያት።»

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 13። ከሰዓት

ነገርኳት። በአማርኛ። ሜጋን ከጎናችን ወለሉ ላይ ነበረች። ደምሽ ነው የታመመው፣ ሉኪሚያ ይባላል፣ የካንሰር ዓይነት ነው አልኳት። ማስክ በማውለቅ አይመጣም፤ እኔ የምልሽ ለኮሮና ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ ጉንፋን ነው ብዬ የዋሸሁሽ።

አላለቀሰችም። እኔም እስከ ቀጣዩ ጥያቄዋ ድረስ አላለቀስኩም።

«አይጋባም?» አለች።

አይጋባም።

«ለማንም?»

ለማንም።

ውሻውን ጥሩልኝ አለች። በ10 ሰዓት መጣ። ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ፀጉሩ ውስጥ ከተተች። ላሳት። ሳቀች፤ እዚህ ከገባን ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ እጇን አጠብኩላት።

ነገ እንደገና መርፌ አለ። አሁን ጠየቀችኝ፣ ያማል ወይ ብላ። አያምም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ያማል አልኳት።

ትንሽ አሰበች። እሺ አለች።