የጥጃዋ ትንፋሽ

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ሰማዩ ዳምኗል፤ ይነፍሳል። በረት ውስጥ እኔ፣ አባትሽና የከብት ሐኪሟ ነበርን።

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ የእጅሽ ሥራ ይቃናልሽ። እኛ ደህና ነን። የዳልቻዋ ላም ጥጃ ግን ሳል ይዟት ወተት እምቢ አለች። ብርድ መስሎኝ መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍኜው ነበር።

«እትዬ፣ አፍነዋታል» አለችኝ ሐኪሟ።

«እኔንም እንዲሁ ነው የምታፍነኝ» አለ አባትሽ፣ ጆንያውን እያወረደ።

ሐኪሟ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። መጀመሪያ ቫይረስ ገብቶ የአየር ቧንቧዋን ይጎዳል። ያኔ አፍንጫዋ ውስጥ ምንም ሳይነኳት ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባዋ ይወርዳሉ። የወጋቻት መርፌ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ቫይረሱን የምታሸንፈው ግን ራሷ ናት። ያን አፍንጫ በየቀኑ ስጠርግ ውስጡ ይህ ሁሉ ፍጥረት መኖሩን አላውቅም ነበር። አሁን ሳየው እጄ ይፈራል።

«እስከ ነገ ካልጠጣች ያሰጋኛል» ብላ ሄደች።

አንቺም እባክሽ የምትተኚበትን ክፍል መስኮት ትንሽ ክፈቺ። አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ።

ረቡዕ ጠዋት። ጆሮዬን የጥጃዋ ጎን ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ትንፋሿ አሁንም ያንኮራፋል። ወተት አሞቅኩ። ጣቴን ነክሬ አፏ ውስጥ አስገባሁ። ትንሽ ቆየችና ጠባችው። ጣቴን ሳላወጣ የወተቱን ባልዲ በእግሬ ወደ እኛ ሳብኩት።