በሁለት ጎማ ለቆመ ጂፕ ለሚያጨበጭቡ ክቡር ከንቲባ

ለክቡር ዶክተር ኤልኪን ማሪን ኦሶሪዮ፣
የሳንታ ሪታ ዴል ፊሎ ከተማ ከንቲባ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን የዶኛ ማሪቤልን ጤና፣ የዚያችንም የነጭ ፒካፕዎን ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ባለፈው ወር የበረንዳዬን ምሰሶ ከጣለው ጂፕ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ምሰሶውን በገመድ አስረነዋል፤ ደንበኞቼም ሳይደገፉት ዳቦ መግዛት ለምደዋል። ስሜ ኖኤሚ አርቤላኤስ ነው፤ ከድልድዩ ወደ አደባባዩ በሚያወጣው ዳገት፣ ኩርባው ላይ ያለችው ዳቦ ቤት የእኔ ናት። ክቡርነትዎ በየጠዋቱ በረንዳዬ ላይ ቡና ጠጥተው፣ ሁለት የአይብ ዳቦ በልተው ስለሚሄዱ መቼም ረስተውኛል ብዬ አልሰጋም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እርስዎ ስለጠየቁ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ፣ ወጣት አሽከርካሪዎቻችን በሕዝብ መንገድ ላይ ለምን እንደ እብድ እንደሚነዱ የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን መቋቋሙን ገልጾ፣ መረጃ ያለው ዜጋ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጋብዛል። እኔም ዜጋ ነኝ፤ መረጃውም ክላክሱን እየነፋ በየቀኑ በመስኮቴ ሥር ያልፋል። ባለሙያዎቹ እንዳይደክሙ ብዬ በቁጥር አስቀምጬላቸዋለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በዳቦ ቤቴ መስታወት ላይ እለጥፋለሁ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ?

አንደኛ። ባለሙያዎቹን ከዋና ከተማ ድረስ ስላስመጡልን ከልቤ አመሰግናለሁ። ሲመጡም አይቻቸዋለሁ። ሾፌርዎ ዶን ጊልዳርዶ በነጩ ፒካፕ ጭኗቸው ሲወጣ የወተት መኪናውን ልክ ኩርባው ላይ ቀደመውና፣ ከባለሙያዎቹ አንዷ ደጄ ላይ አስቁማ ወርዳ ቁርሷን አስታወከችው። ሎሚ የተጨመቀበት የሸንኮራ ውኃ ሰጥቼ ጀርባዋን እያሻሸሁ፣ «ምን አስቸኮላችሁ፣ ልጄ?» ብላት፣ «የመንገድ ደህንነት ስብሰባ አለብን፣ እማማ፤ ረፍዶብናል» አለችኝ። ዶን ጊልዳርዶ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ስለሆነ ጥናቱ እሱን እንደማይመለከት ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ። የአሽከርካሪዎች ጠባቂ የካርመን እመቤታችን በዓል በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እንደየዓመቱ ሁሉ መኪናው ፊኛና ዘንባባ አስሮ በአደባባዩ ይሰለፋል፣ ቄሳችን ፓድሬ ኦክታቪዮም ባልዲና ቅጠል ይዘው አንድ በአንድ ጠበል ይረጩታል። እኔ አማኝ ነኝ፤ ጠበሉን አልነቅፍም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ከተማ ፍሬን የሚያስጠግን ሰው አይገኝም። የሟች እህቴ ልጅ ዱቫን፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በእነዚህ እጆቼ ያሳደግሁት፣ አምና ከበዓሉ ማግስት ጂፑን ሲያቆም ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰማሁና ጋራዥ ውሰደው አልኩት። «አክስትዬ ደግሞ! እመቤታችን ገና ትናንት አይታው?» አለኝ። እኔ በበኩሌ እመቤታችን ብዙ ሥራ ያለባት ይመስለኛል፤ የፍሬን ሸራ መቀየሩን ለመካኒኩ ሳትተወው አትቀርም።

ሦስተኛ። ከጠበሉ በኋላ ስለሚመጣው ውድድር። ከእርሻ ሰው፣ ቡናና አረንጓዴ ሙዝ የሚያመላልሱት አሮጌ ጂፖቻችን በዚያ ቀን ከኋላቸው ጆንያ በጆንያ ላይ ይጫንባቸውና የፊት ጎማቸው ከመሬት ይነሣል። ነጂውም ጂፑን በሁለት የኋላ ጎማ አቁሞ እየነዳ፣ አልፎ ተርፎ ከወንበሩ ወጥቶ በሩ ሥር ባለው መረገጫ ላይ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ባርኔጣውን ያውለበልባል፣ ሕዝቡም ይፈነድቃል። ማማሩንስ ያምራል፤ እኔም አፌን ከፍቼ የማየው ነገር ነው። አምና ያሸነፈው ዱቫን ነበር። ክቡርነትዎ በገዛ እጅዎ ዋንጫውንና አራት አዳዲስ ጎማ ሸለሙት፤ እጁንም ወደ ላይ አንሥተው በድምፅ ማጉያው፣ «የዚህ ከተማ ወንድ ማለት ይህ ነው!» አሉ። የዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከንቲባ ወንድ ነህ ያለውን ልጅ፣ አክስቱ ቀስ በል ብትለው ከማንኛችን ቃል የሚጥመው ይመስልዎታል? ጎማዎቹን ለደህንነቱ አስበው እንደሰጡት አልጠራጠርም፤ የገና በዓል ሳይደርስ አስፋልቱ ላይ ጨረሳቸው።

ዘንድሮም የዱቫን ፎቶ «ሻምፒዮናችን ይመለሳል» ተብሎ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። አጠገቡ ያለው፣ ወጣቶች ለምን እንዲህ እንደሚነዱ የሚጠይቀው የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። ሁለቱን የለጠፈው ሠራተኛ አንድ ሰው ነው፤ ሙጫውም አንድ ነው።

አራተኛ። ስለ ሕግ አስከባሪያችን። ዱቫን ከዚያ ድል ወዲህ ለጆንያ እንኳ አይቸገርም፤ ስድስት ጓደኞቹን ከኋላ አንጠልጥሎ ዳገቱ ላይ ሲደርስ የጂፑን ፊት ወደ ሰማይ ያነሣዋል። አንድ ቀን የከተማችን ብቸኛ የትራፊክ ፖሊስ ዊልማር ፊሽካውን ነፍቶ አስቆመው። ተመስገን ብዬ ከመስኮቴ አንገቴን ባወጣ፣ «ሻምፒዮን፣ አንድ ፎቶ እንነሣ እንጂ፤ እናቴ ካላሳየኋት አታምንም!» ሲለው ሰማሁ። ፎቶውን ያነሣችው የእኔው ዳቦ ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት።

በዚሁ ምክንያት ነው ኩርባው ላይ የፍጥነት መግቻ ጉብታ እንዲሠራ ያመለከትኩት። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ጉብታውን የተኛ ፖሊስ እንለዋለን። ቆሞ የሚተኛ ፖሊስ አለን፤ እኔ የለመንኩት ተኝቶ የሚሠራ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ለድሃ ዳቦ ጋጋሪ መልስ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። መልሱም፣ የበዓሉ ሰልፍ በኩርባው ስለሚያልፍ ጉብታው የጂፖቹን ትርዒት ያሰናክላል፣ ስለዚህ ከባህላችን ጋር አይሄድም የሚል ነበር። ባህላችን እንዲህ በቀላሉ የሚሰናከል መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አምስተኛ። እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ወደ ጂፖቹ መነሻ ብቅ ብለው የእኛን የተሳፋሪዎቹን አፍ ቢሰሙ ጥናቱ እዚያው ያልቅ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው ኤሊ?» ትላለች ሙዝ የጫነችው። «ያ ሲቀድምህ ዝም ትላለህ እንዴ? አይ ወንድ!» ትላለች ዶሮ የታቀፈችው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ዶኛ ቤርናርዳ ሳይቀሩ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ «የኔ ልጅ፣ ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው፤ ርገጠው እንጂ!» ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲወርዱም በሰላም ላደረሳቸው አምላክ አማትበው ይገባሉ። በዚህ መስመር ፍጥነት የማይወድ አንድ ነጂ ዶን ኡባልዶ ብቻ ነው። እሱን ሬሳ ጫኝ ብለን ስም አውጥተንለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚል ሰው ነው፤ እንቁላሉ ምናልባት ሄዶ ይሆናል፤ ዶን ኡባልዶ ግን ተሳፋሪ እየጠበቀ እዚያው ቆሟል። ወጣቶቹም ይህን ያያሉ። ዓይን አላቸው።

ስድስተኛውን እንደ ሌሎቹ ቀልጄ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ክቡርነትዎም በቦታው ስለነበሩ እንዲያስታውሱት ያህል ብቻ አነሣዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ የያዲራ ልጅ ሉስ ዳሪ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ዳቦ ገዝታ ከረጢቷን ታቅፋ ወደ ቤቷ ስትሻገር ዱቫን ፊቱን ባነሣ ጂፕ ከድልድዩ ብቅ አለ። እኔ ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ፈራሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጂፑ ልጅቷ ጋ ሲደርስ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ መሬት ወደቀ፣ ቀሚሷን አየር እየመታ አለፋት፣ የበረንዳዬንም ምሰሶ ጥሎ ቆመ። ዳቦው መንገዱ ላይ ተበተነ።

ከኋላ የተንጠለጠሉት ልጆች ጮኹ፤ ገበያተኛው ጮኸ። ክቡርነትዎ ምሰሶው ከጠረጴዛዎ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወድቆ ሳለ የቡና ሲኒዎን እንደያዙ ተነሥተው፣ «እጁን አያችሁት? ምን ዓይነት እጅ ነው! እንዴት አድርጎ ዘወር እንዳለላት!» አሉ። አጨበጨቡ። ለልጅቷም ሌላ ዳቦ ገዙላት፤ ስለዚያ እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅቷ ግን ምን እንዳደረገች ያዩ አይመስለኝም። የተበተነውን ዳቦ አንድ በአንድ ለቅማ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው። ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። ከዚያ ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ እሷም አጨበጨበች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ደስ የሚል ነገር የሆነ መሰላት። ሞት ቀሚሷን ነክቷት ያለፈ ልጅ ማልቀስ ነበረባት፤ እኛ ግን ማጨብጨብ አስተምረናታል። እኔ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩላት። ዱቫንም አቅፎኝ፣ «አክስትዬ፣ ምንም አልሆነችም እኮ፤ ሳቂ እንጂ» ይለኝ ነበር። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

እንግዲህ ለባለሙያዎቹ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ ከፈለጉ በትልቁ መጽሐፋቸው መጀመሪያ ላይ ይጻፉት። ልጆቻችን አላበዱም፤ የሚነዱት እኛ ደስ በሚለን መንገድ ነው። ከእርስዎ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ጉብታውን ከኩርባው ላይ ይሥሩልን፤ የዱቫንንም ፎቶ ከበርዎ ያንሡልኝ። እንዲቀጡት አልለምንም፤ እንዲመክሩትም አልለምንም፤ ምክር ከእኔ ጠግቧል። ማጨብጨቡን ብቻ ይተዉለት። እጅዎ ሥራ ፈትቶ ካስቸገረዎ ዳቦ ቤቴ የሚቦካ ሊጥ አያጣም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሾፌርዎ ቀላል እግር፣ ለጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጋሪ አስፋልት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በአንድ ጤነኛ ምሰሶ ቆሜ የምገኘው፣

የዘወትር አክባሪዎና ዳቦ ጋጋሪዎ፣
ኖኤሚ አርቤላኤስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰውን በሌለበት ማንሣት ነውር ስለሆነ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለዱቫን አነበብኩለት። ዶን ጊልዳርዶ ላይ ሳቀ፤ ዊልማር ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጅቷ ጋ ስደርስ ግን ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ። «አክስትዬ፣ እዚህ ጋ ያልሆነውን ጽፈሻል» አለኝ። ጂፕ ፊቱን ሲያነሣ ለነጂው ከፊቱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው አለኝ። ሉስ ዳሪን አላያትም፤ መንገዱ ላይ እንደነበረች ያወቀው ወርዶ ዳቦ ስትለቅም ሲያገኛት ነው። ጂፑ ወደ ጎን የዞረው ከተንጠለጠሉት አንዱ ልጅ እግሩ አምልጦት ክብደቱ ስላጋደለ ነው። «አንተስ ያን ሰዓት ምን እያደረግህ ነበር?» አልኩት። ከወንበሩ ወጥቶ መረገጫው ላይ ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጠዋት ተነሥተው ያደነቁት እጅ መሪውን አልያዘም፤ እርስዎን በረንዳዬ ላይ አይቶ ባርኔጣውን እያውለበለበልዎ ነበር።