ለመሮጥ እንጂ ለመቆም ስላልተገዙት አራት ጎማዎች

ለተከበሩ አቶ ዩርኪ ሳሎቫራ
የፒህላያ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር የቦርድ ሊቀመንበር
ካያኒ

ግልባጭ፦ በሦስቱም መግቢያዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ አማካይነት ለነዋሪዎች በሙሉ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአንገትዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በግቢያችን የተተከለውን የምንጣፍ ማራገፊያ ብረት በመኪናዎ ከገጩ ወዲህ፣ የመግቢያ ለ ነዋሪ ከሆነችው ወጣት እናት ከቬንላ ጋር በግቢው ውስጥ በተገናኛችሁ ቁጥር አንገትዎ ወደ እርሷ አልዞር ብሎ ሲያስቸግርዎ በመስኮቴ አይቻለሁና ሕመሙ እንዳይጸናብዎ ሰግቻለሁ። ወገብዎ፣ እንቅልፍዎና የመኪናዎ ቀለም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለዕድሜዬ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ደክሟል፤ ዓይኔ ግን፣ ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፣ በዚህ መጸው ተመርምሮ ለሩቅ ምንም እንከን የለበትም ተብሏል።

የፊታችን ሐሙስ ማታ በስብሰባ ክፍላችን እንድንገኝ ጠርተውናል። አጀንዳው አንድ ነው፤ የግቢ ሠራተኛችን ኦይቫ ኬምፓይነን ከሥራ ይሰናበት። ኦይቫ ሥራውን ሲያጣ ከሥራው ጋር የተሰጠችውን የምድር ቤት ክፍል አብሮ እንደሚያጣ፣ ሌላ መጠጊያ እንደሌለው፣ ውጭው ደግሞ አፍንጫ የሚያደርቅ ብርድ እንደሆነ በጥሪው ላይ አልተጻፈም። የተጻፉት ሁለት ጥፋቶች ናቸው። በዚያ ጠዋት በግቢው ቁልቁለት ላይ አሸዋ አልበተነም፤ ቆርጠህ አንሣ የተባለውንም ብረት ሳያነሣ ቀርቶ በሊቀመንበሩ ንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል። በስብሰባ ላይ የመናገር ልማድ ስለሌለኝ፣ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና አስቀድሜ በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጎማ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ቅጠል ለመጥረግ ሁላችንም በወጣንበት በመጸው የጋራ ሥራ ቀን፣ እኛ መጥረጊያ ይዘን እርስዎ የተጠበሰ ቋሊማ ይዘው፣ አዲሱን የክረምት ጎማዎን በጫማዎ ጫፍ እየነኩ ያስጎበኙኝን አልረሳውም።

«እማማ ኢርያ፣ ይኼ እኮ በሰዓት ሁለት መቶ አርባ ይችላል!» አሉኝ።

«ማቆምስ?» አልኩዎት።

«ማቆምስ ምን?»

«ማቆምስ ይችላል ወይ?»

ከዚያ በኋላ የሳቁት ሳቅ ከቋሊማው ጋር ትን እንዳይልዎ ጀርባዎን ልመታዎት ተነሥቼ ነበር፤ ምነው ሳልመታዎት ቀረሁ እላለሁ።

ባለቤቴ ታውኖ ሲሞት ከተወልኝ ነገር ሁሉ የሚበዛው የመኪና መጽሔት ነው። ልጥላቸው ከመደርደሪያው አወረድኳቸው፤ ሳወርድ አንዱን ገለጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ክረምቶች እንዲሁ አለፉ። መጽሔቶቹ ሲያልቁብኝ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ አዳዲሶቹን አነብባለሁ። መንጃ ፈቃድ ኖሮኝ አያውቅም። ሆኖም እዚያ የተጻፈውን ማንም ማንበብ የሚችል ሰው ይረዳዋል። የበረዶ ቅንጣትና የተራራ ምልክት የታተመባቸው የክረምት ጎማዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የተሠራው ከእኛ በስተደቡብ ላሉ አገሮች ነው፤ ክረምታቸው ዝናብ፣ መንገዳቸው ሰፊ፣ ችኮላቸው ብዙ ነው። ሁለተኛው የተሠራው ለእኛ ነው፤ ላስቲኩ በብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ በግግር በረዶ ላይም ይነክሳል፣ ፍጥነት ግን ብዙ አይወድም። ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እርስዎ የፊተኛውን የመረጡት ሁለት መቶ አርባ የሚል ስለተጻፈበት ነው። በከተማችን በክረምት ይህን ያህል የሚሮጥ ነገር ቢኖር ወሬ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። የእኛ ብርድ ሲጠና ያ ላስቲክ እንደ ጠረጴዛ ይደርቃል፤ ይህ ማለት ያን ጠዋት እርስዎ በአራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር ወደ ግቢያችን የወረዱት።

በረዶውን እንዲነክስ ሚስማር የተተከለበት፣ ባለ ሚስማር ጎማስ ብዬ ስጠይቅዎ ደግሞ «እሱ የአሮጊት ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ከጫማዬም ሥር ሚስማር አለ፤ እስከ ዛሬም ማንንም ገጭቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቸርኬዎቹ ውበት። ታውኖም በደኅናው ዘመን ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ ጎማዎቿ የምትገፋ ፈጣን መኪና ነበረችው፤ ከእኔ ይልቅ ለእርሷ ይናገር ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን የሚያብረቀርቁትን ቸርኬዎቿን ፈትቶ፣ ከፍሬኗ ጋር የማይነካካውን ትንሹን ጥቁር የብረት ቸርኬ፣ በእርሱም ላይ ጠበብ ያለና ጎኑ ከፍ ያለ ባለ ሚስማር ጎማ ያስርላት ነበር። ጠባቡ አመዳዩን ቆርጦ መሬት ይፈልጋል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከፍ ያለው ጎን ጉድጓዱን ይውጠዋል፤ ዝቅ ያለው ጉድጓዱን ለቸርኬው ያስተላልፋል። ጎረቤቶቹ «ታውኖ፣ ሙሽራዋን የገበሬ ቦት አጫማሃት!» እያሉ ሲቀልዱበት «ሙሽራ የምታምረው በሰላም ቤቷ ስትገባ ነው» ይላቸው ነበር።

እርስዎ ግን አስቀድመው ቸርኬውን፣ ከዚያም ለቸርኬው የሚስማማውን ጎማ፣ በመጨረሻም ለጎማው የሚስማማ አየር ንብረት መረጡ፤ የመጨረሻውን ከተማችን ካያኒ አላቀረበችልዎትም። መኪናዋን የገዙት ባለቤትዎ ሻንጣዋን ይዛ በወጣች በወሩ መሆኑን የሚያነሡ ሐሜተኞች በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን አሉ። እኔ ግን «ሰው በዚህ ዕድሜው የሚያብረቀርቅ ነገር ቢያስፈልገው ምን ይገርማል፣ ሌላው ሁሉ ሄዶበታል» ብዬ ተከራክሬልዎታለሁ።

ሦስተኛው ስለ አሸዋው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መዘርዘር ይኖርብኛል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ወንበር የተገጠመላትን፣ በእግር የምትገፋ የበረዶ መንሸራተቻዬን ይዤ ወደ ሱቅ ልሄድ ወጣሁ። የመንሸራተቻ ጠላቷ አሸዋ መሆኑን ያደግንበት ሁላችን እናውቃለን፤ ብረቷ አሸዋ ሲነካ እንደ ግትር በግ ቀጥ ትላለች። ከበሩ እግሬን እንዳነሣሁ ቆመችብኝ። ኦይቫ ባልዲውን ይዞ ቁልቁለቱ ላይ ነበር።

«አንተ ኦይቫ! ዛሬም ዘራህ? ምን ሊበቅልልህ ነው?»

«የተሰበረ ዳሌ ከምለቅም አሸዋ ብዘራ ይሻለኛል፣ እትዬ ኢርያ።»

«ለእኔ አንዲት ቀጭን መንገድ ብትተው ምናለ?»

«ነገ እተውልሻለሁ።»

የኦይቫን «ነገ» ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እያጉረመረምኩ መንሸራተቻዬን ተሸክሜ ግቢውን ማቋረጥ ጀመርኩ። የተሸከምኩት አሸዋ ስለነበረ ነው፤ በጉልበቴ ልመካ አይደለም። የፖስታ መኪናውም በዚያው ቁልቁለት ወርዶ፣ ቆሞ፣ ደብዳቤውን አድሎ፣ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ እርስዎ መጡ።

ፍሬን ሲይዙ አይቻለሁ፤ ይህንን ማንም እንዲነፍግዎት አልፈቅድም። መኪናዋ ግን የሰማችዎት አልመሰለኝም። መሪውን ወደ ጋራዡ አዞሩት፣ እርሷ በጎኗ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ፊትዎም በመስታወቱ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ የሚችል ሰው ፊት አልነበረም። ከግድግዳው ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት፣ የቬንላ ሕፃን በጋሪው ተኝቶ ነበር፤ ሁላችንም ልጆቻችንን እንዳስተኛነው፣ እንቅልፉ እንዲጸና በብርዱ ውስጥ፣ ጉንጩ ብቻ እየታየ። በመኪናዋና በጋሪው መካከል የነበረው ያ የምንጣፍ ማራገፊያ ብረት ብቻ ነው።

ይህንን ብረት በጸደዩ ስብሰባ «የድሮ ዘመን ዝገት ነው፣ የግቢውን መልክ አበላሸ» ብለው ይቆረጥ ዘንድ ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት። እጅ ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ፤ ወገቤ ምንጣፍ መምታት ከተወ ቆይቷልና። ኦይቫ መጋዝ እንዲያመጣ ታዘዘ። ነገ አለ። ጸደዩ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ እርሱ ነገ አለ። ስለዚህ የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ሁለተኛው ክስዎ እውነት መሆኑን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ። ኦይቫ ሰነፍ ነው። የታዘዘውን በታዘዘበት ቀን ፈጽሞት ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት የምንሰበሰበው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ስፍራውም የስብሰባ ክፍሉ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑ በሆነ። የምንሸከመውም ሣጥን በጣም ትንሽ ስለሚሆን ከእርስዎ ሌላ ሸካሚ ባላስፈለገው ነበር።

አራተኛ። መኪናዋ ብረቱን መትታ ስትቆም ሕፃኑ በድምፁ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። እርስዎ ከመኪናዎ ወጥተው ተንበረከኩ። እኔ እግዚአብሔርን ሊያመሰግኑ መስሎኝ፣ ይህ ሰው ለካ እንዲህ ያለ ልብ ነበረው ብዬ፣ በልቤ ይቅርታ ልጠይቅዎ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ጓንትዎን አውልቀው ቸርኬውን ዳሰሱት። በጣትዎ ዙሪያውን እየሄዱ ስንጥቁን ፈለጉት፤ ሲያገኙትም «ወይኔ!» አሉ። ልጁ እያለቀሰ ነበር። ቬንላ በካልሲ እየሮጠች ወጥታ ልጇን ካቀፈችው በኋላ፣ ለእርሷ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ጋሪውን እዚህ ማቆም ክልክል አይደለም እንዴ?» የሚል ነበር። ለዚህኛው ምስጋና አላገኘሁለትም፤ ፈልጌያለሁ።

ስለ እሑዱ ጉብኝትዎ ግን ከልቤ አመሰግናለሁ። ታውኖ ከሞተ ወዲህ ቀረፋ ያለበት ዳቦ ይዞ በሬን ያንኳኳ የቦርድ ሊቀመንበር የለም።

«እማማ ኢርያ፣ ሐሙስ ዕለት 'አሸዋ አላየሁም' ቢሉ ይበቃል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ አላየሁም ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል?» አሉኝ።

ዳቦውን ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ጨመሩልኝ። «የዓርብ ማታ የሳውና ተራ ሊለቀቅ ነው። በእርስዎ ስም ላድርገው?»

የዓርብ ማታ ሳውና፣ ከጋራ የእንፋሎት መታጠቢያችን ተራዎች ሁሉ የሚመኙት! ታውኖ ዕድሜውን ሙሉ ወረፋ ይዞለት፣ የማክሰኞ ከሰዓት ተራውን እየታጠበ የሞተለትን! አስቤ እነግርዎታለሁ አልኩዎት፤ እርስዎም እንደ ተስማማሁ ሰው ጉንጬን መታ መታ አድርገው ወጡ። ዳቦውን በልቼዋለሁ፤ መልካም ነበር። መልሴ ይኸው ነው።

በዚያ የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ እርስዎ ወደዚህ ቤት ከመምጣትዎ ብዙ ዘመን በፊት፣ ስለ ሌላ የግቢ ሠራተኛ መሰናበት ድምፅ ሲሰጥ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከእንዲህ ያለ ስብሰባ በኋላ የተባረረውም፣ እጁን ያላነሣለትም ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሙስ ከሁሉም ቀድሜ መጥቼ፣ ከፊት ካለው ወንበር፣ ለእርስዎ በጣም ቅርብ ከሆነው እቀመጣለሁ። አሸዋውን አይቻለሁ፤ ተሸክሜ አልፌዋለሁ፤ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። ቬንላም ልጇን ታቅፋ ትመጣለች፤ አንገትዎ የማይዞር ከሆነ ከፊትዎ እንድትቀመጥ ነግሬያታለሁ። የቀራችሁት ጎረቤቶቼ፣ ሾርባችሁን ቀደም ብላችሁ በልታችሁ ኑ። ሕፃኑ ትልቅ ሰው ሆኖ ይህንን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ሁላችንንም በዓይኑ ያየናል።

ለተሽከርካሪዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፍሬንዎ ማስተዋል፣ ለእርስዎም ከሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ በስተጀርባ አንዳች ሰው እንዲገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይነቃነቅ አክብሮትና በሚስማር ጫማ እቆማለሁ።

ኢርያ ሌህቶላ
መግቢያ ሀ፣ ግቢውን በሚያየው መስኮት

ተጨማሪ፦ ብረቱ መሐሉ ላይ ጎብጧል፤ ከቸርኬዎ የተላጠው ጥቁር ቀለምም አለበት። እንዳይጠረግ ለምኛለሁ፤ ሴቶቹ በጸደይ ምንጣፋቸውን ሲያራግፉ እርስዎን እያሰቡ የበለጠ ጠበቅ አድርገው እንዲመቱ ነው። ኦይቫን መቼ እንደሚያቃናው ጠይቄዋለሁ። «ነገ» ብሎኛል።