ስፌቱን የፈታሁት እኔ ነኝ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 17 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕዛዙ
ፐርዝ፣ አውስትራሊያ

እንደምን ሰነበትክ፣ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከክረምቱ ይልቅ ዛሬ ይሻለዋል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ስላሳፈርኩሽ ይቅር በይኝ» ያልከውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ያ ቃል ካንተ የሚወጣ አይደለም።

ጠበቃዋ የነገረችህን ለይተህ መጻፍህ ጥሩ ነው። መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት የሚያቆማት መሆኗን፣ አስተርጓሚም በነጻ እንደሚሰጥ ሳነብ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ክሱ እዚያ የተከለከለ ጫት ይዘህ መግባትህን ብቻ ሳይሆን ጫት መሆኑን ማወቅህንም ይጠይቃል ያለችውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አውቅ ነበር ብለህ ለፖሊስ ቃል የሰጠኸው እኔ ስላዘዝኩህ ነውና።

አየር ማረፊያው ላይ የያዙህ ዕለት ስትደውልልኝ ምን አልኩህ? «የኔ ነው በል፤ አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ በል፤ የሰው ስም አታንሳ።» እዚህ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት የወደቀ አጥፊ ጥፋቱን ካመነ እርቅ ያገኛል። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነበር። እዚያ ግን ቃልህን በመቅረጫ ቀድተው ማስረጃ አደረጉት። ጠበቃ እስክታገኝ ዝም ማለት መብትህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ካላወቅሁ ደግሞ ምክር መስጠት አልነበረብኝም።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ጎረቤታችን ውቢት እዚያ ላለው ልጇ ለዘመኑ እንድታደርስላት የሰጠችኝን የተሰፋ ከረጢት ታስታውሳለህ። «ጌሾ ነው፤ እዚያ ጠላ ሊጠምቁ አስበዋል» አለችኝ። አንተም ስትጠይቀኝ ጌሾ ነው አልኩህ። የሰው አደራ እንደማይፈታ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አንተ ዘመድ ልትሰናበት ቡሬ በሄድክበት ቀን ግን የከረጢቱን አፍ ፈትቼ አየሁት። የደረቀ ጫት ነበር። መልሼ ሰፋሁት፤ ከእሷ ስፌት ይልቅ አሳምሬ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። በአደባባይ የሚሸጥ ቅጠል ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ ነበር። ይህ ግማሹ ነው። ብነግርህ አልወስድም ትል ነበር፤ ከረጢቱን ስመልስላት ደግሞ ውቢት አደራዋን መፍታቴን ታውቃለች። የጓደኛውን ቦርሳ የከፈተ ተማሪ ስቀጣ ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩ ሴት፣ ያን ፈራሁ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ውቢት ሄድኩ።

«ጌሾ ነው ያልሽኝ ምን ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ቅጠል አይደል እንዴ! ዱርቤቴ ገበያ ላይ እንደ ጎመን ይሸጥ የለም?»

«እንደ ጎመን ከሆነ ለምን ጌሾ አልሽው?»

«ጫት ብልዎት ከነከረጢቴ ያባርሩኝ አልነበር?»

እውነቷን ነው። «እኔም ፈትቼ አይቼው ነበር» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። «እሰይ! ለካ እርስዎም እንደኛ ሰው ኖረዋል!» አለች። የሆነብህን ስነግራት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ተማሪዬ ወደነበረው ወደ ጠበቃው ወደ ይሄይስ ሄድን። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ፣ «እትዬ፣ እኔን ለአንድ እርሳስ ያንበረከኩኝ እርስዎ አልነበሩም?» አለኝ።

«ነኝ። አሁን ጻፍ።»

«በራስዎ ላይ እንደሚመሰክሩ ያውቃሉ?»

«አንብቤ ነው የምፈርመው።»

ጫት መሆኑን እኔ አውቅ እንደነበር፣ አንተ ግን እንደማታውቅ፣ «የኔ ነው በል» ያልኩህም እኔ መሆኔን ጽፈን ፈረምኩ። ውቢትም የራሷን ፈረመች። ወረቀቱና የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከዚህ ጋር አሉ። ለጠበቃህ ስጣት እንጂ አንተው ለፖሊስ እንዳትሰጥ። ከእሷ ሳትመክር ዳኛ ፊት ጥፋተኛ ነኝ አትበል። ስለ መኖሪያ ፈቃድህ ሌላ የሕግ ባለሙያ ጠይቅ ያለችህንም ዛሬ ነገ አትበል። ከዘመኑ ጋር ስለ ጉዳዩ በስልክ አታውራ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ያለውን ቀን ሳታይ አትቀርም፤ የካቲት 5 ይላል። ፖስታ ቤቱ ከቤቴ ሩቅ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ከተፈረደብህ ወደ አገርህ ሊመልሱህ እንደሚችሉ ጽፈህልኝ ነበር። ወረቀቱን ሳልልክ ባቆየሁባቸው በነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት ክፍልህን ኖራ አስቀባሁት፤ ፍራሽህንም አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ስመኝ ለምትባል ከዳንግላ ተዛውራ ለመጣች አስተማሪ አከራየሁት። ዕቃዋን እያስገባች ነው። እኔም ይህን አሽጌ ልወጣ ነው።

እግዚአብሔር የዳኛውን ልብ ያራራልህ፤ ቤትህንም እዚያው ያጽናልህ።

እናትህ
ያይኔአበባ ወልደ ዮሐንስ