የተሞተበት ፍራሽ

ውድ እታለም፣

ይህን ከሥራ አስኪያጃችን አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። አጠገቤ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ «ወይ ክፈተው ወይ ዝጋው፣ ጉንፋን ልታስይዘን ነው እንዴ?» ብላ ጮኻብኛለች።

ፋብሪካችን ተውኔታችሁን ስፖንሰር ሲያደርግ ያገናኘኋችሁ እኔ ነኝ። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ እኛ የአዳራሹን ኪራይ እንከፍላለን፣ እናንተ ስማችን በትልቁ የተጻፈበትን ፍራሽ መድረክ ላይ ታነጥፋላችሁ። እናትየዋን ሆነሽ የምትጫወቺው አንቺ መጨረሻ ላይ እዚያው ፍራሽ ላይ እንደምትሞቺ ግን ከእኛ ወገን ጽሑፉን ገልጦ ያየ አልነበረም።

አሁን «ገንዘባችን ምን አመጣልን?» ተባለና ጥናቱ ለእኔ ተሰጠ። የእህቴ ተውኔት ነው፣ ለሌላ ሰው ስጡት ብል፣ «ታዲያ ትኬት አትከፍልማ» አሉኝ። በር ላይ ቆሜ ተመልካቹን ስጠይቅ ስማችንን ያላስታወሰ የለም ማለት ይቻላል። የማስታወቂያ ሰዎች እንዲህ ያለ ውጤት በሕልማቸውም አያዩም። አንዲት ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ፣

«አውቀዋለሁ እንጂ! ያቺ ምስኪን የሞተችበት አይደል?» አሉኝ።

«ይገዙታል?»

«ምን በወጣኝ! ጠላቴ ይግዛው!»

በአዳራሹ አካባቢ ሽያጫችን ወርዷል። አንድ ባለሱቅ እንደነገረኝ፣ ደንበኞቹ ፍራሹን በጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉና ከንፈራቸውን መጥጠው ይሄዳሉ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ «ትዳን» አሉ።

«ኧረ አለቃ፣ ካልሞተች እኮ ልጆቿ አይታረቁም!»

«ሐኪም ይምጣላት! እኛ ፍራሽ እንጂ የሬሳ ሣጥን አንሸጥም። እህትህን አሳምናትና ውሉ ይቀጥል፤ አለዚያ ይቋረጥ ብለህ ጻፍ።»

እታለም፣ ነግሬሽ አላውቅም። እናታችን ያረፈች ጊዜ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ዋልኩ እንጂ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት አንቺ ስትሞቺ ነው፣ የአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጬ። እንደምትነሺ እያወቅኩ፣ ወጥተሽ እጅ እስክትነሺ ድረስ እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ሐኪም አስገቢና ተነሺ ብዬ የምለምንበት አፍ ከየት ላምጣ?

ስለዚህ ጻፍኩ፦ «ስፖንሰርነቱ ከተጠበቀው በላይ ውጤታማ ስለሆነ በአስቸኳይ ይቋረጥ።» ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አንብበው ፈረሙበት።

አዳራሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ተከፍሎበታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ ቁጭ ብድግ የሚያሰኘኝም እሱ ነው። ሳላማክርሽ መወሰኔ ካናደደሽ ፊት ለፊት ስደቢኝ። ፍራሹን ሰኞ መጥተው ይጭኑታል። ማክሰኞ ትርኢቱ ሳይጀመር የራሴን ተሸክሜ እመጣለሁ። የማንም ስም የለበትም፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፣ ለመሞት ግን አያስቸግርም።

አደራ፣ እንዳትድኚ።

ታናሽ ወንድምሽ