ቻይና ከርሜ ስለመጣሁ ከእድር ሊሰርዙኝ ለተነሡት ክቡር ሊቀመንበር

ይድረስ በኦሮራና በዴንቨር የምንገኝ የእድር አባላት አባትና መሪ ለሆኑት ለክቡር አቶ ግዛው፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የእኔ ስም ሲነሣ የደም ግፊትዎ ከፍ እንደሚል ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው፣ ከተቻለም ክኒንዎን አስቀድመው ውጠው ያነቡት ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በእድሩ ዘንድ ከሞትኩት በቀር በሌላው ሁሉ በሕይወት አለሁ።

በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ባለው ግሮሰሪ በር ላይ፣ «የሚከራይ ክፍል አለ» እና «ሹሩባ እንሠራለን» በሚሉት ወረቀቶች መካከል በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ዳቦ ልገዛ ስገባ አንብቤዋለሁ። ስልክ ደውለው ወይም ቤቴ መጥተው ቢነግሩኝ ኖሮ እኔ ብቻ ሰምቼው በቀረሁ ነበር፤ ሹሩባ ፈላጊው ሁሉ እንዲያውቅልኝ በማድረግ ላጎናጸፉኝ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔም መልሴን እዚያው በር ላይ ለመለጠፍ ባለ ግሮሰሪውን አስፈቅጃለሁ።

ማስታወቂያውን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልናገር። እኔ ይመር ያለፈውን የበረዶ ክረምት ቻይና አገር እንግሊዝኛ ሳስተምር ከርሜአለሁ። ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ላይ ቆሜ ይቅርታ ካልጠየቅሁና ዳግመኛ እንደማልሄድ ካላረጋገጥሁ ከእድሩ እሰረዛለሁ። ከሟች ባለቤቴ ከፀሐይነሽ ጎን በእድሩ በኩል የተያዘልኝ የመቃብር ቦታም ለሌላ አባል ይተላለፋል። የቀረቡብኝ ክሶች አራት ናቸው፤ በተራ እመልሳለሁ።

1ኛ. «በሽምግልና ዕድሜው ለመዝናናት አገር ጥሎ መሄዱ» ስለሚለው

የደረሰዎት መረጃ ትክክል ነው፣ ተዝናንቻለሁ። የተዝናናሁት በሰሜን ቻይና ካለችው ከሃርቢን ወዲያ በባቡር በሚደረስባት ከተማ ነው። የኮሎራዶ ብርድ ፀሐዩን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጠዋት በረዶ አስጠርጎን ከሰዓት በኋላ ሹራብ ያስወልቀናል። የዚያኛው ግን አንዴ ከገባ እስከ መጋቢት ጫማውን አያወልቅም። ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚደርቀው የአፍንጫ ውስጥ ፀጉር ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያውን የሚያበራውም የሚያጠፋውም ከተማው ስለሆነ፣ በካናቴራ ተቀምጬ፣ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቼ፣ እንደ ሐምሌ ቀን ያልበኝ ነበር።

የሕንፃችን ደረጃ ላይ ጎረቤቶቼ ለክረምት ስንቅ የሚሆናቸውን ጎመን እንደ ማገዶ ከምረውታል። ጾመ ነቢያት የገባውም ያን ሰሞን ነበርና፣ እግዚአብሔር ለጾመኛ ያዘጋጀው አገር መስሎኝ ተደሰትኩ። ምግብ ቤት ገብቼ፣ እንደ ምንም በለመድኳት ቋንቋቸው ሥጋ አልበላም ስል፣ ሴትየዋ በደስታ «እሺ» ብላ ጎመን አቀረበችልኝ። ብገልጠው ከሥሩ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ አገኘሁ። ሳሳያት «ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ትንሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ ከአኩሪ አተር በሚሠሩት ቶፉና በሩዝ ብቻ ኖርኩ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ «ይመር ውሻ በልቶ መጣ» እያሉ ያስወሩልኝ ወንድሞች፣ ጾሜን እንዲህ በቅርብ ስለተከታተሉልኝ ዋጋቸውን ከሰማይ ያግኙ።

ገና ደግሞ እሑድ ዋለ። እሑድ ለግል ትምህርት ቤት የገበያ ቀን ነውና፣ የጌታን ልደት ያከበርኩት ሕፃናቱን «ዊንዶው! ዶር! ቴብል!» እያስባልኩ ነው። ጥፋት ከሆነ ንስሐ አባቴ ያውቁታል፤ እድሩ ባይደክም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። አውቶቡስ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ሱሪዬን ቆንጠጥ አድርገው ከሥሩ ሌላ ሱሪ መልበሴን ያረጋግጡ ነበር። ካልለበስኩ እንደ ልጅ ይቆጡኛል። ሲያስለኝ ሙቅ ውሃ፣ ሆዴን ሲያመኝ ሙቅ ውሃ፣ ሲከፋኝም ሙቅ ውሃ ነው የሚሰጡኝ። በእድራችን ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ይመር በርዶት ይሆን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላስታውስም። ምናልባት በመተዳደሪያ ደንቡ ስላልተጻፈ ይሆናል።

2ኛ. «እንግሊዝኛ ሳይችል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ ማለቱ» ስለሚለው

በዚህስ ልክ ነዎት። የእኔ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልና የመምህራን ማሠልጠኛ የምስክር ወረቀት ናት፤ እሷም ወሎ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምሬባታለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። ወይዘሮ ሊዩን ያገኘኋትም በዚሁ ሥራ ነው። በረዶ ጥሎ በረራ የተሰረዘ ቀን አሮጊት እናቷን ስገፋ ዋልኩ፤ እናትየዋ ቋንቋዬን አይሰሙም፣ እኔም የእሳቸውን አልሰማም፣ ቢሆንም ስናወራ ዋልን። ልጅየዋ በአገሯ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበራትና «ቀስ ብለህ ነው የምትናገረው፤ ልጆቹ ይሰሙሃል። ለምን አትመጣም?» አለችኝ። ልጄን ሔርሜላን ባማክራት «ዳዲ፣ ጀስት ጎ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ «የውጭ አገር መምህራችን» ተብሎ የአንድ ፀጉረ ቢጫ ወጣት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ወላጆች ገና የመጣሁ ቀን ፎቶውንና እኔን እያፈራረቁ ሲያዩ፣ አንዲት አያት የሆነ ነገር ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ወይዘሮ ሊዩ ስትተረጉምልኝ፣ «ይሄኛው ይሻላል፤ ይሄኛው ልጅ የሚያባብል ይመስላል» ነው ያለችው። ዛሬ በዚያች ከተማ «ስኩል»ን «እስኩል» የሚሉ፣ ልክ እንደ እኔ «እ»ን የሚያስቀድሙ ሕፃናት አሉ። በዚህ የደረሰ ጉዳት ካለ ካሳው በእኔ ነው፤ የእድሩ ሣጥን አይነካም።

3ኛ. «ከስብሰባ ያለ ፈቃድ መቅረቱ» ስለሚለው

ክቡርነትዎ፣ በጥር ወር ስብሰባ ዕለት እኔ ተገኝቻለሁ።

እናንተ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስትሰበሰቡ እዚያ ሰኞ ማለዳ ነው። ተነሥቼ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ማን እንደሚያየኝ እንጃ፣ ከረባት ሳይቀር አስሬ ለጸሐፊያችን ለአቶ ምናሉ ደወልኩ። «ቆይ ይመርዬ፣ ስፒከር አደርግሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ሻይ መጣ መሰለኝ፣ ስልኩ ከነእኔ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ስብሰባውን ከቁልፍ ጋር እየተንኳኳሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትዬዋለሁ። ስም ሲጠራ «ይመር!» ተባለ። «አቤት!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ጮህኩ። «ቀሪ» ተብሎ ተመዘገበልኝ።

ቀጥሎ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ። «እሱ እንኳን ሊያስተምር፣ ዊልቸር ሲገፋ መንገድ ልቀቁ ለማለት ሰው ያስተረጉም ነበር፤ ለቻይና እግዜር ይሁናት» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄአለሁ፤ ለዛዎን ማን ይክዳል? ሳቁን ያቆመችው ወይዘሮ ጽጌረዳ ናት። «ሰውየው ቤቱ ባዶ ሆኖበት ነው የሄደው። ከመሀላችን ማን ሄዶ አየው?» አለች። ከዚያ እርስዎ «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አሉ። ስብሰባ መምራት ማለት እንዲህ ነውና፣ ትምህርት ወስጄበታለሁ።

4ኛ. «የአባል ለቅሶ አለመድረሱ» ስለሚለው

በዚህ አልቀልድም። አቶ ተክለሚካኤል ሲያርፍ አልነበርኩም። ለሚስቱ ለወይዘሮ ጌጥነሽ ደውዬ ስናለቃቅስ፣ እሷው መልሳ «አንተ ነህ የምታሳዝነኝ፣ በሰው አገር ብቻህን» አለችኝ። እሷ ይቅር ካለችኝ በኋላ እድሩ ስለእሷ ተቀይሞኛል፤ ትጋቱን አደንቃለሁ።

ነገር ግን ያን ክረምት ከለቅሶ አልጠፋሁም። በየካቲት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የሽማግሌው ዋንግ ሚስት ሞተች። እኔ የማውቀው ወግ አንድ ነውና ጋቢዬን ኮቴ ላይ ደርቤ ሄድኩ። እነሱ ሲያዝኑ የሚለብሱት ነጭ ነው። ያን አላወቅሁም ነበር፤ በር ላይ የነበሩት ሰዎች ጋቢዬን አይተው መንገድ ለቀቁልኝ። እጅ ነሥቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቶሎ መነሣት ነውር መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና አልተነሣሁም። ሰው ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይሰግዳል፣ ሊወጣ ሲል እኔን ያያል። አንዳንዱ እኔን ጥሎ መሄድ ስለሚያፍር ተመልሶ ይቀመጣል። ቤቱ ሞላ። ምሳ ቀርቦ ተነሣ፣ መሸም። በማግስቱም ሄድኩ።

በኋላ ወይዘሮ ሊዩ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ እዚያ አገር እንደ እኔ ያለ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ሰግዶ ሊወጣ ኖሯል። ቤተሰቡ ሁለቱን ቀን ሙሉ «ይሄ የውጭ ሰው መቼ ነው የሚሄደው?» እያለ ሲጠብቀኝ ነበር። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «በእናትሽ ይቅርታ በይልኝ» ብላት፣ «ዋንግ ምን አለ መሰለህ? ሌሎቹ ሲወጡ ቤቱ ይጨልምብኝ ነበር፤ እሱ ስላልተነሣ ሳይጨልምብኝ ቀረ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚያ ጥግ ላይ አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ለማላውቃት ሴት አልነበረም። ፀሐይነሽን በቀበርኩ ጊዜ ሰው መቀበል፣ ለካህናቱ ውሃ ማቅረብ፣ «አይዞህ» ለሚለኝ ሁሉ «እሺ» ማለት ሥራ ሆኖብኝ እንባዬ መውጫ አጥቶ ቀርቶ ነበር። ያኔ እድሩ የሠራልኝን አልክድም፤ አዳራሹ፣ ምግቡ፣ መኪናው ምንም አልጎደለም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአርባዋ በኋላ ግን የቤቴን ደወል የነካ ዕቃ አድራሽ ብቻ ነው። እሱም ቁጥር ተሳስቶ ነው።

ስለዚህ የሄድኩት ሸሽቼ ነው ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ሳይሆን አይቀርም። ዓለም ሳይፈጠር እንደነበረው ዝም ያለ ቤት ውስጥ መቀመጥ ከብዶኝ ነበር። ደግሞም «ቲቸር!» እያሉ የሚሮጡብኝን ሕፃናት ድምፅ ወድጄዋለሁ፤ ይህም ትዕቢት ከሆነ ፈጣሪ ይመርምረኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ለጸሎት ፊቴን ወደ ምሥራቅ ስመልስ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ ያለችው አሜሪካ መሆኗን አንድ ቀን ልብ አልኩ። ኦሮራም፣ ፀሐይነሽም በዚያው በኩል ናቸው። ከኦሮራው ቤቴ ስጸልይ ግን ከፊቴ ያለው ጎረቤታችን ካንሳስ ነው። ሸሸሁ በተባልኩበት አገር ግን በየዕለቱ ወደ እሷ ዞሬ ነው የቆምኩት።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም። በመስከረም መጨረሻ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ልጆቹ የሚጠብቁኝ አሉ፣ ዋንግም ብቻውን ነው። ከመሄዴ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ግን በአካል እገኛለሁ፣ ከፊት ወንበርም እቀመጣለሁ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ፦ ከአርባው በኋላ ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ የተቀመጠ አባል እጁን ያውጣ። እጅ ካወጡት ሰዎች አብዛኞቹ «ይሰረዝ» ካሉ፣ ስሜን ራሴ ሰርዤ ብዕሩን በሁለት እጄ አስረክብዎታለሁ። እጅ ያላወጣ ሰው ግን እኔን ከሚስቴ ጎን ሊያስነሣኝ አይችልም። እርስዎም ቢሆኑ አይችሉም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አንብበው እስከዚህ ለደረሱት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይደክም ማኅተም፣ የማይነጥፍ ማጣበቂያና ብዙ የግሮሰሪ በር እየተመኘሁ፣ በእድሩ ደንብ ቀሪ፣ በኪስ ውስጥ ግን ተገኝቼ የከረምኩ፣

ታዛዥ ያልሆነ ታናሽ ወንድምዎ
ይመር
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቦታው ለሌላ አባል ይተላለፍ ከተባለ አንዲት ትንሽ ችግር አለች። ፀሐይነሽ ባረፈች በዓመቷ ያቆምኩት ድንጋይ ለሁለታችንም የሚሆን አንድ ድንጋይ ነው። በቀኝ በኩል የእሷ ስም፣ በግራ በኩል «ይመር» ተብሎ ተቀርጿል፤ የጎደለው የምሞትበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ተተኪ ሲመርጡ፣ ይመር ተብሎ እስከ ምጽአት መተኛት የማይከፋውን አባል ይምረጡልኝ። ደግሞ ባለቤቴ ያላወቀችው ሰው ሳይነገራት ሲገባባት አትወድም ነበርና፣ የተመረጠውን ይዘው ሄደው እርስዎ ራስዎ ያስተዋውቁላት። «የእኔ ሰውዬስ የት ሄደ?» ብላ ብትጠይቅዎት ምን እንደሚመልሱላት ከአሁኑ ያስቡበት።