የልጄን ስም ከሥራዋ ላይ ላስፋቁት ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

የተከበሩ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሠራተኞችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። ቢታመሙ ክሊኒክ መሄድዎ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ተራ የሚይዝልዎት ሟች ልጄ የሠራችው ሶፍትዌር ስለሆነ እንዳያፍሩ እሰጋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛልና እርስዎም ቀስ ብለው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ልጄ ታማ ሁለት ዓመት ክሊኒክ ስንመላለስ ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር። ያንን አይታ፣ በሽተኛው ቤቱ ሆኖ ተራው ሲቃረብ በስልኩ መልእክት የሚደርሰው ሶፍትዌር ሠራች። ማንም በነፃ እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለው፣ ቢፈልግም እንዲሸጠው ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠችው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟና የፈቃዱ ጽሑፍ ከሥራው ላይ እንዳይነሳ። ያነሳ ሰው ፈቃዱን እንደሚያጣም በግልጽ ጽፋለች። ጽሑፉ አሥራ ሁለት መስመር ነው፤ እኔ እንኳ አንብቤ ጨርሼዋለሁ።

ድርጅትዎ ወስዶ ለክሊኒኮች ሸጠው። በመሸጥዎ ቅር አልተሰኘሁም፤ ፈቅዳለችና። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. የልጄ አብሮ አደግ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አንድ ክሊኒክ ፈቅዶልን ፋይሉን ከፍታ አሳየችኝ። ባለሙያዎችዎ የልጄ ስም ባለበት ሁሉ የድርጅትዎን ስም በአንድ ትእዛዝ ተክተው የቀረውን ሳያነቡ ሄደዋል። ልጄ ከፋይሉ አናት ላይ ስለ ራሷ ሁለት መስመር ጽፋ ነበርና አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «እኔ፣ እከሌ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ይህን የሠራሁት ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጬ ነው። እማዬ፣ ከእንግዲህ እኔን ይዘሽ ወረፋ አትጠብቂም።» እናትዎ ስላደረጉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ልጅ ቀብሬ መቶ ሃያ ሠራተኛ ያለው ልጅ አገኘሁ። እንግዲህ ዓይኔ ደክሟልና ብቅ ብለው መርፌዬ ላይ ክር ያስገቡልኝ፤ ወገቤን ሲይዘኝም የወደቀውን ጨርቅ ያንሱልኝ። እሷ ታደርገው ነበር።

፪. ስሟን ፍቀው የኢሜይል አድራሻዋን ግን በጥንቃቄ አስቀምጠዋል። በተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ገና ቤቴ ተቀምጦ ሳለ፣ የቴክኒክ ክፍልዎ «ቀጠሮ እየተደራረበ ነው፤ ደንበኞቻችን ተቆጥተዋል፤ እስከ ሐሙስ አስተካክይው» ብሎ ጻፈላት። ሐሙስ ሲያልፍ ደግሞ «ዝምታሽ ከባለሙያ አይጠበቅም» አላት። በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጄ ሰው ጽፎላት ዝም የምትል አልነበረችም፤ ዘንድሮ ነው የጀመራት።

፫. አብሮ አደጓ እንዳስረዳችኝ፣ ጨዋ ድርጅት የሰው ሥራ ሲወስድ ምን እንደወሰደ ይመዘግባል፤ ፈቃዱን የሚያነብና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ይመድባል፤ የጠገነውንም መልሶ ለሠሪው ይልካል። እርስዎ ያን ሁሉ ሰው ቀጥረው ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው አላገኙም። እኔ ብቻዬን እየሠራሁ እንኳ የሰው ጨርቅ ስረከብ የማን እንደሆነ ጽፌ ጠርዙ ላይ እሰፋበታለሁ።

፬. ይህንኑ ሁለት ጊዜ በአክብሮት ባመለክት ጸሐፊዎ «በነፃ የተለቀቀ ነገር ባለቤት የለውም» ብለው መለሱልኝ። ለዚህ መልስ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሐዘንተኛ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልፈታሁም። የልጄ መብት ወራሽ እኔ መሆኔን የሕግ ባለሙያ አረጋግጦልኛል። ድርጅትዎ ስሟን ባነሳ ቀን ያጣውን ፈቃድ ልመልስለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ አልመልስም። በሽተኞቹ ግን ምንም አላጠፉምና እንዲጉላሉ አልፈልግም። ስለዚህ አሥራ አራቱን ደንበኞችዎን አንድ በአንድ በእግሬ እየዞርኩ ልጄ የጻፈችውንና እርስዎ የለወጡትን ፋይል ጎን ለጎን አሳየሁ። አብሮ አደጓም የቀጠሮውን ስህተት አርማ፣ ልጄ የሠራችውን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ትተክልላቸዋለች። ዘጠኙ ተቀብለዋል፤ በዘጠኙም ስክሪን ላይ የልጄ ስም ይነበባል። ወደ ቀሪዎቹ አምስት ሰኞ ደግሜ እሄዳለሁ። ስለ ድካሜ አያስቡ፤ እግሬ ደህና ነው።

እርስዎ የልጄን ስም በያዙበት ጥንቃቄ እኔም የድርጅትዎን ስም በየሄድኩበት እንደምይዝ ቃል እየገባሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የሟች እናትና ሕጋዊ ወራሽ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ልጄን እዚህ በስሟ አለመጥራቴ ከርስዎ ደብዳቤ ይልቅ የሚገባት ቦታ ስላገኘሁላት ነው። ትናንት ክስ መሥርቻለሁ። መዝገቡ ላይ የእሷ ስም ከላይ፣ የድርጅትዎ ስም ከሥር ተጽፏል፤ ባለሙያዎችዎ ያንን የሚፍቅ ትእዛዝ ካላቸው ዳኛው ፊት ይሞክሩት።